አበባው በራሱ ውኃ፣ ፍሬው በራሱ ዕቃ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የሰርግ ወር ሲቃረብ ከጅማ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ወደ ጠረጴዛ ማስዋብ ያዘነብላሉ። በዚህ እትም ትኩስ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ መንደሪንና ትርንጎን ከአበባ ጋር አዋሕዶ ስለመሥራት የተጠየቁትን ሰብስበናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ በመስታወት ቫዝ ውስጥ የብርቱካን ክብ ቁራጮች ደርድሬ፣ ውኃ ሞልቼ፣ መሐሉ ላይ ጽጌረዳ ሰካሁ። ማታ በጣም ያምር ነበር። በነጋታው ውኃው እንደ አጥሚት ደፍርሶ፣ ቁራጮቹ ተንሳፍፈው፣ የጽጌረዳዎቹም አንገት ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። የተበላሸው ብርቱካኑ ነው ወይስ አበባው?
— ከፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ

መልስ፦ ሁለቱም ደኅና ነበሩ። ችግሩ አንድ ውኃ መጋራታቸው ነው።

የተቆረጠ ብርቱካን ስኳሩንና የሥጋውን ቅንጣት ወደ ውኃው ይለቃል። ስኳሩ የባክቴሪያ ምግብ ነው። ባክቴሪያውና ቅንጣቱ ተደራርበው በጽጌረዳው ግንድ ጫፍ ላይ ያሉትን ውኃ መሳቢያ ቱቦዎች ይደፍናሉ፤ አበባው ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ቀድሞ የሚደክመው ከአበባው ራስ ሥር ያለው ለስላሳ አንገት ስለሆነ ጎንበስ ያለው እሱ ነው። አንዱን ግንድ አውጥተው ጫፉን በጣትዎ አሸት ያድርጉት፤ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። እንዲህ የሆነውን ጽጌረዳ አይጣሉት። ከጫፉ 3 ሴንቲሜትር ያህል በሰያፍ ቆርጠው፣ አንገቱ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በባልዲ ጥልቅ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለ2 ሰዓት ያቆዩት። በጊዜ ከደረሱበት ብዙውን ጊዜ ይቃናል።

ለሚቀጥለው ሥራዎ ሁለት ዕቃ ያዘጋጁ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚቀመጥ። አበባው በውስጠኛው ዕቃ በንጹሕ ውኃ ይቆማል፣ ፍሬው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ይደረደራል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁሉም አንድ ቫዝ ውስጥ ያለ ይመስላል። ውስጠኛው በፍሬው ስለሚሸፈን ውድ መሆን የለበትም፤ አንገቱ የተቆረጠ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ቀላል ስለሆነ ግን ታችኛውን 3 ሴንቲሜትር በታጠበ ጠጠር ይሙሉት፤ አለዚያ ውጭው ውኃ ሲሞላ እሱ ይነሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የክፍተቱ ልክ ላይ ነው። ቁራጩ ጠፍጣፋ፣ ቫዙ ደግሞ ክብ ስለሆነ ቁራጩ ከቫዙ ግድግዳ ጋር አይገጥምም፤ ጠርዞቹ ብርጭቆውን ሲነኩ መሐሉ ወደ ውስጥ ይገፋል። የውስጥ ስፋቱ 15 ሴንቲሜትር በሆነ ክብ ቫዝ 7 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብርቱካን ቁራጭ ለመግባት ወደ 1.5 ሴንቲሜትር ክፍተት ይፈልጋል። ስለዚህ ውስጠኛው ዕቃ 12 ሴንቲሜትር ሲሆን ልክ ይመጣል። ሃይላንዱ ከዚህ ጠበብ ስለሚል ክፍተቱ ይሰፋል፤ ያን ጊዜ ቁራጩን ወደ 8 ሚሊሜትር ያወፍሩት። ክፍተቱ ከ1 ሴንቲሜትር ብዙ የማያልፍ ከሆነ ደግሞ ብርቱካኑን ትተው በሎሚ ቁራጭ ይሥሩ። ሎሚ ጠባብ ስለሆነ ከክቡ ግድግዳ ጋር በቀላሉ ይስማማል። አራት ማዕዘን ቫዝ ካገኙ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

ቁመቱ 20 ሴንቲሜትር ለሆነ ለዚህ ቫዝ በአንድ ዙር 6 ቁራጭ፣ በሦስት ዙር 18 ያስፈልጋል፤ ዙሮቹ ጫፍ ለጫፍ ጥቂት ይደራረባሉ። ከአንድ ብርቱካን እኩል ስፋት ያላቸው 5 ወይም 6 ቁራጮች ብቻ ናቸው የሚወጡት፣ የዳሩ ይጠብባል። ስለዚህ 4 ብርቱካን ይያዙ። ቢላዋው የተሳለ ይሁን። ደነዝ ቢላዋ ሥጋውን ስለሚጨፈልቀው ውኃውን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ያደፈርሰዋል። ከቆረጡ በኋላ እያንዳንዱን ቁራጭ በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ አድርገው ፍሬ ዘሩን ያውጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ላይ 10 ደቂቃ ያንጠፍጥፉ።

መንሳፈፉ በብርቱካን ይብሳል፤ በልጣጩ ነጭ ክፍል ውስጥ አየር አለ። የላይኛው ዙር ከቫዙ አፍ ሥር ጠበቅ ብሎ ከተቀመጠ የታችኞቹን ይይዛቸዋል። ውጭውን ውኃ በየቀኑ ይቀይሩ፤ ውስጠኛውን በ2 ቀን አንዴ። እንዲህ ቢጠብቁትም የተቆረጠው ፍሬ ከ2 ቀን በላይ ውበቱን አይጠብቅም። ሦስተኛው ቀን ላይ ፍሬውን ብቻ አውጥተው በአዲስ ይተኩ፤ አበባው አይነካም፤ የሁለት ዕቃ ትርፉ ይህ ነው።

ለ5 ቀን የሚቆም ነገር ከፈለጉ አይቁረጡ። ሙሉ ሎሚ ይጠቀሙ። ልጣጩ ስስ የሆነው የእኛ ሎሚ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ስለሚሰጥም ቫዙን ያከብደዋል፣ ውኃውንም ቶሎ አያደፈርስም። ውጭው 20፣ ውስጡ 11 ሴንቲሜትር ለሆነ ዝግጅት እስከ 20 ሴንቲሜትር ቁመት ለመሙላት ወደ 60 ሎሚ፣ በኪሎ ወደ 2 ይገባል።

ጥያቄ፦ የአዳራሽ ዲኮር እሠራለሁ። ብርቱካንና ግማሽ ሎሚ በእንጨት ሰክቼ በአበባ ስፖንጅ ላይ እተክላለሁ፤ ግን ፍሬው ይዞራል፣ ይዘነበላል፣ አንዳንዴም ስፖንጁን ይዞ ይወድቃል። ሰርጉ ጥር ላይ ነውና በቶሎ ብትመልሱልኝ።
— ከቦሳ ቂጦ

መልስ፦ ክብደቱን ያስቡት። መካከለኛ ብርቱካን ከ150 እስከ 200 ግራም ይመዝናል፤ በአንድ ቀጭን እንጨት ላይ ሲቆም መዞሩ አይቀርም። ሥጋ የሚሰካበትን የቀርከሃ ስንጥር ይውሰዱና ለእያንዳንዱ ፍሬ ሁለት ሁለት ያድርጉ፤ በመካከላቸው 2 ሴንቲሜትር ርቀት ይኑር፣ ትይዩ ሆነው ይግቡ። ፍሬው ውስጥ 4 ሴንቲሜትር፣ ስፖንጁ ውስጥ 6 ወይም 7 ሴንቲሜትር ይዝለቁ። ማዶ ድረስ አይብሱት፤ ጭማቂው በሁለት በኩል ይፈስሳል። የሚወጉትም ቡጡ ባለበት፣ ማለትም ከዛፉ በተቆረጠበት በኩል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቀዳዳው ወደ ታች ዞሮ አይታይም።

መንደሪን በዚህ መንገድ አይያዝም። ልጣጩ ከሥጋው የላላ ስለሆነ እንጨቱ ቢጸናም ፍሬው በልጣጩ ውስጥ ይንሸራተታል። ለእሱ ሽቦ ይሻላል፦ ከታችኛው ሲሶ በኩል ሽቦውን ከጎን ወደ ጎን አሳልፈው፣ ሁለቱን ጫፎች ወደ ታች አጥፈው አንድ ላይ ይጠምዝዙ። ጥቁሩ ማሰሪያ ሽቦ በፍሬው አሲድ ስለሚዝግና ልጣጩን ስለሚያቆሽሽ የተለበጠውን ይምረጡ። ትርንጎ ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ወፍራሙ ነጭ ክፍሉ እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ጭማቂም አይንጠባጠብበትም። ጅማ ገበያ ላይ ሲያገኙ እንዳያልፍዎ፤ አንድ ትርንጎ የመሐል ጠረጴዛን ዝግጅት ብቻውን ይሸከማል።

አሁን ወደ ስፖንጁ። 23 በ11 በ8 ሴንቲሜትር የሆነው ጡብ ወደ 2 ሊትር ውኃ ይይዛል። ውኃ በሞላ ሳፋ ላይ በዝግታ ያስቀምጡትና ራሱ እስኪሰጥም ይተዉት። በእጅ ተጭነው ካሰጠሙት ላዩ ረጥቦ መሐሉ ደረቅ ይቀራል፤ እዚያ የተሰካው አበባ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል፣ የእርስዎም ጥፋት አይመስልም። አንዴ ደርቆ የነበረን ስፖንጅ እንደገና ለማርጠብም አይድከሙ፤ እንደ መጀመሪያው አይጠጣም። የተበሳን ቦታ ነቅለው ደግመው መሰካት ያፈራርሰዋል፤ ስለዚህ ከባዱን ፍሬ መጀመሪያ፣ አበባውን ቀጥሎ፣ ቅጠሉን በመጨረሻ ያስገቡ። በአንድ ጡብ ላይ ከ3 ብርቱካን በላይ አይጫኑ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ጡቡን በዶሮ አጥር ሽቦ ጠቅልለው ከመያዣው ጋር ይሰሩት፤ ክብደቱን ሽቦው ይሸከማል።

ግማሽ የተደረገ ፍሬ ዕድሜው አጭር ነው። አዳራሽ ውስጥ በ4 እና 5 ሰዓት ጊዜ ውስጥ የተቆረጠው ፊት ደርቆ ይሸበሸባል። ስለዚህ ስንጥሩን በሙሉ ፍሬው ላይ ዋዜማውን ሰክተው ያሳድሩ፤ የሚገመሰውን እንግዳ ከመግባቱ 2 ሰዓት በፊት ገምሰው፣ ፊቱን በምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ሸፍነው፣ ሙሽሮቹ ሊደርሱ ሲሉ ላስቲኩን ያንሱ። ዝግጅቱ ቁመቱ ከ30 ሴንቲሜትር አይለፍ። ከፍ ማድረግ ከተፈለገ ደግሞ ከ60 በላይ በቀጭን መቆሚያ ይሁን፤ በመካከሉ ያለው ከፍታ ትይዩ የተቀመጡትን እንግዶች ፊት ይከልላል።

ጽጌረዳው ከአዲስ አበባ የሚመጣልዎ ከሆነ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው የሚደርሰው። እንደደረሰ ወዲያው አይሰኩት። ከውኃ በታች የሚሆነውን ቅጠል አርግፈው፣ ጫፉን 2 ሴንቲሜትር ቆርጠው፣ ቀዝቀዝ ባለና ጨለም ባለ ክፍል ቢያንስ 4 ሰዓት ውኃ ያጠጡት።

ጥያቄ፦ ካርኔሽን ገዝቼ ውኃውን በየቀኑ እየቀየርኩ ነበር። በሁለተኛው ቀን አበባዎቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰሉ። አጠገባቸው ያለው የፍራፍሬ ሳህን ነው፤ ብርቱካን፣ ሙዝና አቮካዶ። ብርቱካኑ ይሆን?
— የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጅማ

መልስ፦ እህታችን፣ ብርቱካኑን ተዪው፤ ሙዙንና አቮካዶውን አንሺ። የሚበስሉ ፍሬዎች ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ካርኔሽን ደግሞ ለዚህ ጋዝ እጅግ ስሱ ነው፤ በጥቂት ቀን ሊያረጅ የሚገባው በሰዓታት ውስጥ ያረጃል። ሙዝና አቮካዶ ሲበስሉ ይህን ጋዝ በብዛት ያወጣሉ። ብርቱካንና ሎሚ ከዛፍ ከተለቀሙ በኋላ መብሰላቸውን ስለማይቀጥሉ የሚያወጡት በጣም ጥቂት ነው። ለአበባ ዝግጅት የተመረጡት በመልካቸው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ታያለሽ።

አንድ ነገር ግን ይህን ይገለብጠዋል፦ ሻጋታ። አረንጓዴ ሻጋታ የያዘው ብርቱካን ኤቲሊኑን በብዛት ይለቃል። ከሳህኑ ሥር የተደበቀ አንድ የለሰለሰ ፍሬ ካለ አበባውን ይፈጀዋል፣ ጤነኞቹን ፍሬዎችም ያስይዛቸዋል። ሻጋታው የሚገባው በቁስል በኩል ስለሆነ ስትገዢ ልጣጩ ያልተጫረ፣ ቡጡ ያልተነቀለ ምረጪ። በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምረሽ ፍሬውን 2 ደቂቃ ንከሪው፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው፤ ከዚያም በደንብ አድርቂው። በጅማ ክረምት ማድረቁ ከማጠቡ ይበልጣል፤ እርጥብ ሆኖ የተደራረበ ፍሬ ሻጋታን ይጋብዛል።

የተጠቀለለው ካርኔሽን አይመለስም።

ጥያቄ፦ የሎሚ ጭማቂና ስኳር በአበባ ውኃ ላይ ሲጨመር ዕድሜውን ያረዝማል ይባላል። እውነት ነው? ልኩስ ስንት ነው?
— ከጅረን

መልስ፦ እውነት ነው፤ ግን ሦስተኛ ነገር ይጎድለዋል። ሎሚው ውኃውን አሲዳማ ያደርጋል፣ አሲዳማ ውኃ ደግሞ በግንዱ ውስጥ ቀለል ብሎ ይወጣል። ስኳሩ ለአበባው ምግብ ነው። ያለ በረኪና ከሆነ ግን ለመጀመሪያው ጥያቄ እንደመለስነው ስኳሩን ቀድሞ የሚበላው ባክቴሪያው ነው።

ለ1 ሊትር ውኃ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በጨርቅ የተጣራ የሎሚ ጭማቂ፣ ከሻይ ማንኪያ ሩብ እስከ ግማሽ በረኪና። ጭማቂው ካልተጣራ ቅንጣቱ ያንኑ ቱቦ ይደፍናል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ስኳሩንና ሎሚውን በሙሉ ውኃው ውስጥ ካሟሙ በኋላ በረኪናውን በመጨረሻ ይጨምሩ፣ መስኮት ይክፈቱ። ያልቀጠነ በረኪናና የሎሚ ጭማቂ በአንድ ዕቃ በፍጹም አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። ውኃውን በ2 ቀን አንዴ ሲቀይሩ ግንዱንም 1 ሴንቲሜትር ይቁረጡ።

ጥያቄ፦ እዚህ የምናገኘው ብርቱካን ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው። ፎቶ ላይ እንደማየው ደማቅ ቢጫ አይሆንልኝም። ከምን አበባ ጋር ላድርገው? የቡና ቅርንጫፍስ መጨመር ይቻላል?
— ከሄርማታ

መልስ፦ ሞቃት ቦታ የበቀለ ብርቱካን ውስጡ ጣፍጦ ልጣጩ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። የልጣጩ አረንጓዴ ለቆ ብርቱካናማው እንዲወጣ የሌሊት ቅዝቃዜ ያስፈልጋል። ጥሬ ነው ብለው አይተዉት። ቆርጠው ሲያዩት አረንጓዴው ቀለበት ብርቱካናማውን ሥጋ ስለሚከበው እንዲያውም ከሌላው የበለጠ ይታያል። ሙሉውን የሚጠቀሙ ከሆነ ነጭ ጽጌረዳ ወይም ነጭ ካላ ሊሊ ያድርጉበት። ለካላ ሊሊ ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ውኃ አይሙሉ፤ ለስላሳ ግንዱ በጥልቅ ውኃ ይበሰብሳል። ቢጫ ሎሚ ከሆነ የሱፍ አበባ ይስማማዋል፤ ሱፍ ብዙ ውኃ ስለሚጠጣ ጠዋትና ማታ ይመልከቱት። ቀይ ጽጌረዳ ከብርቱካናማ ቁራጭ ጋር ባይሆን እንመርጣለን፤ ሁለቱም ደማቅ ናቸውና ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያጣል።

የቡና ቅርንጫፍ ግን ከጅማ የተሻለ ማን ያገኘዋል! አብረቅራቂው ቅጠልና ቀዩ እሸት ከሎሚ ጋር ሲሆን ሌላ ማስዋቢያ አያሻም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የለቀማ ወቅት ምቹ ነው። የሚቆርጡት ገና መቅላት የጀመረውን ይሁን፤ ጠቁሮ የበሰለው ጠረጴዛ ላይ ይረግፋል። ከ40 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ቅርንጫፍ ወስደው፣ ጫፉን በሰያፍ ቆርጠው፣ ሌሊቱን በጥልቅ ውኃ ያሳድሩት። ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ከቆረጡ ግን የሚቀጥለውን ዓመት ፍሬ የሚሰጠውን ጫፉንም አብረው ይወስዳሉ። ስለዚህ ባለቤቱ ሊገርዘው ያሰበውን ይጠይቁ እንጂ ያገኙትን አይቁረጡ።

የሎሚ ቅጠልም ከቅርንጫፉ ጋር ጥሩ መሙያ ነው። እሾሁን በመቀስ ቀድመው ያርግፉት።

ጥያቄ፦ ከቤት ውጭ ስናስቀምጠው ንብና ዝንብ ይወረዋል። ምን ይደረግ?
— ከመንደራ ቆጪ

መልስ፦ ለውጭ ዝግጅት የተቆረጠ ፍሬ አይጠቀሙ። ሙሉ ፍሬ፣ ያልተወጋ፣ በሽቦ ወንፊት ላይ የተቀመጠ ይሁን። የፈሰሰ ጭማቂ ካለ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። መድኃኒት አይርጩበት፤ ሰዎች የሚበሉበት ጠረጴዛ ነው።

ጥያቄ፦ ከድግሱ በኋላ ፍሬው ይበላል? እንዲሁ መጣል ያሳዝነኛል።
— ከመርካቶ፣ ጅማ

መልስ፦ ሐዘንዎ ተገቢ ነው፤ እኛም ከመጀመሪያው አስበው ቢሠሩ ደስ ይለናል። በአበባ ውኃ ውስጥ የቆየ፣ በስፖንጅ ላይ የተተከለ ወይም በሽቦ የተበሳ ፍሬ አይበላም። ለሽያጭ የሚመረቱ አበቦች ፀረ ተባይ ይረጭባቸዋል። ካላ ሊሊም ቢበላ አፍና ጉሮሮ የሚያቃጥል መርዝ አለው፤ የቆመበትን ውኃና የነካውን ፍሬ ለልጆች አይስጡ።

ብክነትን ለመቀነስ ዝግጅቱን ለሁለት ይክፈሉት። በአበባው ዙሪያ የሚገባው ጥቂት ሎሚ ይሁን። ብዙውን ብርቱካን በተለየ ሰፊ ሳህን፣ ያለ ውኃና ያለ እንጨት፣ ከታች ትልልቁን ከላይ ትንንሹን እየቆለሉ በዝግጅቱ አጠገብ ያስቀምጡ። 15 ብርቱካን ባለ ሦስት ደረጃ ክምር ይሠራል፦ ከሥር 10፣ ከመሐል 4፣ ከላይ 1። የሥረኞቹ እንዳይንሸራተቱ ሳህኑ ላይ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ። ይህኛው ከድግሱ በኋላ ታጥቦ ይበላል ወይም ይጨመቃል።

የተወጋውን ፍሬ ለበግ ወይም ለከብት የሚሰጡ ከሆነ በውኃውም በስፖንጁም ያልነካካውን ብቻ ይለዩ፤ ስንጥሩንና ስቴኪኒውን ሲሰኩ ቆጥረው ይጻፉት፣ ሲነቅሉም ቁጥሩ መግጠሙን ያረጋግጡ።